የአያቴ ቤት በ500 ኪሎባይት

አያቴ ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ጋራ የወጣችው ከእኔ ጋር ነው። የአንደኛ ዓመት ፈተና ጨርሼ ለእረፍት ሐረር የገባሁ ሰሞን፣ ባጃጁ የቻለውን ያህል ወሰደንና የቀረውን መንገድ እጄን ይዛ፣ በየመሐሉ እያረፈች ወጣች። ከላይ ሲታይ ጀጎል እንዳለ ከሥራችን ተዘርግቷል። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነቡት ግንብ፣ የጃሚዕ መስጊድ ነጫጭ ሚናሬቶች፣ እርስ በርሱ የተደጋገፈው የቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ ይታያል። አያቴ ጣቷን ቀስራ፣ "ከሚናሬቱ ወደዚህ ና፤ ነጩን ግድግዳ አየኸው? የተወለድኩት እዚያ ቤት ነው" አለችኝ። እኔም ጣቷንና ከተማውን አንድ ላይ ቀጭ አደረግኩ።

በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ለመጽሔቱ የተማሪዎችን ፎቶ እንደሚቀበል ሰማሁ። ማስታወቂያው "ከ500 ኪሎባይት ያልበለጠ" ይላል። የእኔ ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ነው፤ ክብደቱ ወደ 6 ሜጋባይት ይጠጋል። የቀነ ገደቡ ማታ ፎቶሾፕ ከፈትኩና ቀለሙን ትንሽ አስተካክዬ፣ ጄፔግ አድርጌ ሴቭ ሳደርግ ኳሊቲ የሚለውን እየቀነስኩ ወረድኩ። አሁንም ይበልጣል፣ አሁንም ይበልጣል... በመጨረሻ 490 ሲል "ተመስገን!" ብዬ ላክሁት። ሴቭ ያደረግኩት በዚያው ስም፣ በኦሪጅናሉ ላይ ነበር። ስልኬ ላይ የነበረውንም "ኮምፒውተሬ ላይ አለ" ብዬ ቦታ ለማስለቀቅ አጥፍቼዋለሁ።

ፎቶው ታተመ። መጽሔቱን ይዤ ለአያቴ እየሮጥኩ ሄድኩ። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችውና፣ "እጄስ የኔ ነው፤ ቤቴ የት ገባ ልጄ?" አለችኝ። ጣቷ ከሚያመለክተው ቦታ ላይ ያለው ግራጫ ካሬ ብቻ ነበር።

ነገሩ የገባኝ የዲፓርትመንታችን ላብ ውስጥ ዘግይቶ ነው። ጄፔግ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል ይከፋፍልና ከየክፍሉ፣ ዓይን ብዙም አያስተውለውም የሚለውን ጥቃቅን ዝርዝር ይጥላል። ኳሊቲው በቀነሰ ቁጥር የሚጣለው ይበዛል። ሰማይ ወጥ ስለሆነ ጥቂት ባይት ይበቃዋል፤ ድንጋይ፣ ቆርቆሮና መስኮት የተጨናነቀበት ጀጎል ግን ብዙ ይፈልጋል። ስለዚህ እኔ ኳሊቲ ስቀንስ ከሰማዩ ብዙም አልጎደለም፤ ዕዳውን የከፈለው ጀጎል ነው።

ማድረግ የነበረብኝ ሌላ ነበር። መጀመሪያ የማያስፈልገውን ሰማይ ቆርጬ ጣቷንና ቤቱን ማጉላት፤ ቀጥሎ የፒክስሉን ቁጥር መቀነስ፤ ኳሊቲውን መንካት በመጨረሻ። መጽሔቱ ላይ ፎቶው የወጣው በ10 ሳንቲሜትር ስፋት ነው። በኢንች 300 ፒክስል ቢሰላ 1200 ገደማ ይበቃው ነበር። እኔ 4000ውን ሙጭጭ ብዬ ይዤ፣ እያንዳንዱን ፒክስል አደኸየሁት። በላብ ውስጥ ሌላ የሐረር ፎቶ ወስጄ በዚህ ቅደም ተከተል ስሞክረው፣ ከ500 ኪሎባይት በታች ሆኖ መስኮቶቹ ሳይቀሩ ይታያሉ።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ በ1883 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሐረር ራሱን ፎቶ አንስቶ ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ባጠበበት መጥፎ ውኃ ምክንያት ምስሎቹ እንደነጡ ጽፎላቸው ነበር። እሱ በውኃው ማመካኘት ይችላል። እኔ ምን ላመካኝ? ፕሮግራሙ የታዘዘውን ነው የሠራው።

በዘንድሮው የሴሚስተር እረፍት ብቻዬን ሐኪም ጋራ ወጣሁ። የአያቴ ጉልበት ከእንግዲህ ዳገት አይችልም። "ከሚናሬቱ ወደዚህ" እያልኩ ብፈልግ ብፈልግ፣ ነጭ ግድግዳው ብዙ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚያሳየኝ ጣት አልነበረም።

ጓደኞቼ፣ ነገ ሥራችን ይኸው ነው። ዜናውም፣ ፎቶውም፣ ድምፁም ልክ ይሰጠዋል፤ መቀነስ ግዴታ ነው። ምን እንደሚቀነስ ግን እኛ እንወስን እንጂ ለማሽኑ አንተወው። ደግሞ በቃ፣ ምንም ቢሆን፣ ኦሪጅናሉን በሌላ ስም አስቀምጡ።