ድመቷን ማን አራቆታት?

መቼም ጸጉር የሌላትን ድመት በፎቶም ቢሆን ያላየ ጥቂት ነው። ቆዳዋ እንደተነጨ ዶሮ፣ ጆሮዋ እንደ ሌሊት ወፍ! «ፍሬንድስ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ኮሜዲ በሲዲ እየተዋዋስን ያየን ደግሞ፣ ሬቸል በ1,000 ዶላር ገዝታ ያመጣቻትንና ጓደኞቿን ያስበረገገችውን ድመት አንረሳትም (ክፍሉ የተላለፈው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው)። ሰሞኑን የዚችው ድመት ዘመድ ቪዲዮ በስልካችን ደረሰንና እኛ ጓደኛሞች ለሁለት ተከፈልን። ግማሻችን «ምስኪን፣ ታማ እኮ ነው!» አልን። ግማሻችን ደግሞ «ምን ታመመች? ዘሯ ነው!» ብለን ተከራከርን። ብናጣራው ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ እውነት ይዟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፊንክስ የሚባለው የድመት ዘር ስሙ ወደ ግብፅ ቢወስደንም የትውልድ አገሩ ካናዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በቶሮንቶ ከተማ አንዲት ተራ የቤት ድመት ስትወልድ አንደኛው ግልገል ራቁቱን ተገኘ። ፕሩን ብለው ስም አወጡለት። ጉድ ብለው አላለፉም፤ አሳድገው ከገዛ እናቱ ጋር አዳቀሉትና ሌሎች ራቁት ግልገሎች ተወለዱ። የፕሩን ዘር አልዘለቀም፤ የዛሬዎቹ ስፊንክሶች የመጡት በ1970ዎቹ በሚኒሶታና በቶሮንቶ ከተገኙ ሌሎች ድመቶች ነው።

ምክንያቱ በጥናት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ኬአርቲ 71 የተባለ ዘረመል ጸጉር የሚሠራበትን ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን ያሠራል። በስፊንክስ ላይ ይህ ዘረመል ተበላሽቷል። ጸጉሩ መብቀሉን ይበቅላል፤ ግን ጠንክሮ ሥር አይዝም፣ ወዲያው ይረግፋል። ለዚህ ነው ቆዳዋ ሲዳሰስ እንደ ኮክ ልጣጭ የሚለሰልሰው። ግልገሉ እንዲህ ሆኖ የሚወለደው ብልሽቱን ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ነው።

«ታማ ነው» ያልነው ወገኖችም የምንይዘው አናጣም። ቢርማን በሚባለው ባለ ረጅም ጸጉር ዘር ውስጥ አልፎ አልፎ ራቁታቸውን የሚወለዱ ግልገሎች አሉ። የእነሱ ጉዳት ፎክስ ኤን 1 በተባለ ሌላ ዘረመል ላይ ነው። ይህኛው ከጸጉር አልፎ ታይመስን ይነካል፤ ታይመስ የበሽታ ተከላካይ ሴሎች የሚበስሉበት፣ ደረት ውስጥ ያለ እጢ ነው። መከላከያ የላቸውምና ገና በጨቅላነታቸው ይሞታሉ። ለዓይን ሁለቱም መላጣ ናቸው፤ ዕጣቸው ግን ለየቅል ነው።

ስፊንክስ ዕድሜ አላት ማለት ግን አይከብዳትም ማለት አይደለም። ከቆዳዋ የሚወጣውን ወዝ የሚይዝላት ጸጉር ስለሌለ በየጊዜው መታጠብ አለባት። ብርድ ይጎዳታል፣ ፀሐይ ያቃጥላታል። ጢሟ አጭርና የተሰባበረ ነው፤ አንዳንዷ ጭራሽ የላትም። ድመት ደግሞ በጨለማ ዙሪያዋን የምትዳስሰው በጢሟ ነው። በዘሩ የልብ ጡንቻ የሚወፍርበት በሽታም ይታያል። አመሏ ብቻ አልጎደለም፤ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንዲሉ፣ ተላጭታም ትዘላለች፣ ታደባለች፣ ጭን ላይ ተጠቅልላ ታንኮራፋለች።

ክርክሩን ያበረደው ከልጅነቱ ጀምሮ ላሽ የወጣበት፣ ያለ ኮፍያ ከቤት የማይወጣ ጓደኛችን ነው። ትምህርት ቤት ምን ምን ይባል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። እስኪ አንተ ምን ትላለህ ብለን ወደ እሱ ዞርን።

«በመላጣነቷ አትዘኑላት፤ እኔም መታዘን ሰልችቶኛል» አለን። «ግን የኔን ላሽ ማንም አስቦ አላመጣብኝም። የሷን ሰው ተቀምጦ፣ እናትና አባቷን መርጦ፣ ዋጋ ተምኖ ነው ያመጣባት።»

ዝም አልን።

ኔዘርላንድስ ያደረገችው ከጓደኛችን ሐሳብ ጋር ይገጥማል። እንዲህ ያሉ ድመቶችን ማራባት ቀድሞም ከልክላ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ አዲስ የሚወለዱትን መያዝም ከልክላለች። ከዚያ በፊት ተወልደው ቺፕ የተቀበረላቸው ግን ከባለቤቶቻቸው ጋር ዕድሜያቸውን እንዲጨርሱ ተፈቅዷል። እኛ የወደድነው ይህን ነው። ያለችው ድመት አልተባረረችም፤ የቆመው ትእዛዙ ነው።

ስለዚህ ጎበዝ፣ ቪዲዮው ሲደርሳችሁ «ታስጠላለች» አትበሉ። ያለችው ትኑር፤ ሙቅ ጥግና ደግ እጅ ይገባታል። «የት ትገኛለች? ስንት ናት?» ልትሉ ስትሉ ግን ይህችን አስቡ፤ ፕሩን በአጋጣሚ ተወለደ፣ የሚቀጥለው ግልገል የሚወለደው ገዢ ስላለው ነው።