መጋረጃና ቁልፍ

ሊንክ ሲላክልኝ መጨረሻውን የማየት አመል አለብኝ። ዌብሳይት መሥራት እንጀራዬ ስለሆነ ነው። መጨረሻው ላይ 1042 የሚል ቁጥር ካየሁ፣ ዳታቤዙ መዝገቦቹን በተራ እየቆጠረ እንደሚሰጥ ይገባኛል። 1042 ካለ 1041ም አለ ማለት ነው።

ተራ ቁጥር ደግሞ ሚስጥር አይቋጥርም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካና የእንግሊዝ ባለሙያዎች ከተማረኩ የጀርመን ታንኮች ላይ ተከታታይ ቁጥሮችን እየለቀሙ ወርሃዊ ምርቱን ያሰሉ ነበር። ለኦገስት 1942 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የስለላው ግምት 1,550 ታንክ ነበር፤ የቁጥሮቹ ስሌት 327። ከጦርነቱ በኋላ የጀርመኖቹ መዝገብ ሲታይ 342 ሆኖ ተገኘ። ዛሬም ሰኞ አንድ ዕቃ፣ በሳምንቱ ሌላ ዕቃ ያዘዘ ሰው፣ ሁለቱን የትእዛዝ ቁጥሮች ቀንሶ ሱቁ በሳምንት ስንት ትእዛዝ እንደሚቀበል ሊያውቅ ይችላል።

እኔን ግን የሱቅ ገበያ ያን ያህል አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ 1041 ሰው ሲሆን ነው።

አክስቴን አንድ ክሊኒክ የላብራቶሪ ውጤቷን በሊንክ ላከላት። “ልጄ፣ እስቲ ይቺን ክፈትልኝ” አለችኝ። መጨረሻው ተራ ቁጥር ነው፤ ፓስወርድ የሚባል ነገር የለም። ከሷ በፊት ያለውን ቁጥር አልነካሁም፤ የሌላ ሰው የደም ውጤት ነዋ። ደውዬ ነገርኳቸው። ቀጥሎ የተላከላት ሊንክ መጨረሻው ረጅም፣ ፊደልና ቁጥር የተደበላለቀበት ሆኖ መጣ። “አሁን ማን ይገምተዋል?” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዩዩአይዲ ይባላል፤ በዘፈቀደ የሚወጣው ዓይነት 122 ቢት ስላለው ልገምት ቢሉት ዕድሜ አይበቃም። ግን ያንኑ ሊንክ በራሴ ስልክ ሞከርኩት። ማን ነህ ሳይለኝ ተከፈተ።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። የማይገመት ሊንክም ቢሆን በቴሌግራም ይላካል፣ ብራውዘር ውስጥ ይቀራል፣ ስክሪንሾት ይነሳል። ቁጥሩን መደበቅ መጋረጃ ነው፤ በሩ ግን ቁልፍ ይፈልጋል። በ2019 ፈርስት አሜሪካን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ወደ 885 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰነድ ተጋልጦ ተገኘ፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያለባቸው ሳይቀሩ። አንድ ሊንክ የደረሰው ሰው አንድ አሃዝ ቢቀይር የሌላ ሰው ሰነድ ይከፈትለት ነበር። መጋረጃ ቢኖር ሥራውን ያከብደው ነበር። የጎደለው ግን “ይሄ ሰነድ ያንተ ነው?” ብሎ የሚጠይቅ ሰርቨር ነው።

ሥራ የጀመሩ ልጆች “ዩዩአይዲ ልጠቀም ወይስ ተራ ቁጥር?” ሲሉኝ፣ ተጠቀሙ እላለሁ፤ መጋረጃም ቤት ያምራል። ግን መጀመሪያ ባለቤቱን የምታረጋግጠዋን መስመር ጻፉ። እሷ ካለች 1042 በአደባባይ ቢጻፍም የሰው ገመና አይወጣም። እሷ ከሌለች ግን ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ በሩ እንደተከፈተ ነው።