ጌም ሠሪ ሰዓቱን የሚጨርስበት ቦታ

ያለ ትልቅ ኩባንያ ድጋፍ ጌም የሚሠራ ሰው ዋና ወጪው ሰዓት ነው። ሰዓቱ የሚያልቅበት ቦታ ግን አዲስ አበባና ውጭ አገር አንድ አይደለም።

የሲያትሉ ኤሪክ ባሮን «ስታርዱ ቫሊ» የተባለውን የእርሻ ጌም ለብቻው ሲሠራ አራት ዓመት ተኩል ገደማ ፈጅቶበታል። ኮዱም፣ ሥዕሉም፣ ሙዚቃውም የእሱ ነው። ችሎታው ባደገ ቁጥር የቀድሞ ሥዕሉ እያስጠላው ደጋግሞ ሣለው። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቶ በሚሊዮኖች ተሸጠ። የእሱን ዓመታት ለመድገም መነሣት ግን ሎተሪ የወጣለትን ሰው ቁጥር እንደ መግዛት ነው። ለጀማሪ የሚበጀው በ48 ሰዓት ጌም ሠርቶ መጨረስን የሚጠይቀው የሉደም ዴር ዓይነት ውድድር ነው፤ እዚያ የማያስፈልገውን ቆርጦ መጣል ይለመዳል።

አገር ቤት ተጫዋቹ የሚገኘው ስልክ ላይ ነው። ለምሳሌ ቅኔ ቴክኖሎጂስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው፣ ከአሳዳጅ የምትሸሽ ዶሮ የምትሮጥበት «ኩኩሉ» የስልክ ጌም ነው። ስልኩ ያረጀ፣ ዳታውም በጥቅል የሚገዛ ሊሆን ስለሚችል፣ ጌሙን ማቅለል ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፊደሉም ሌላ ጣጣ አለው። ብዙዎቹ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌሮች ይዘውት የሚመጡት ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው «ሀ» ተጽፎ ባዶ ሣጥን ይወጣል። ከ200 በላይ ቅርጾችን ፎንቱ ውስጥ ማስገባት፣ «ጨ» እና «ጩ» በትንሽ ስክሪን እንዲለዩ ማድረግ ቀናት ይበላል። ዋሺንግተን ሆኖ ለልጆች የፊደል ጌም የሚሠራውም ከዚህ አያመልጥም።

ሽያጩ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። የኮምፒውተር ጌም መሸጫው ስቲም ለአንድ ጌም 100 ዶላር ያስከፍላል፤ ውጭ ላለው ሰው ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አገር ቤት ግን መጀመሪያ በዶላር የሚከፍል ካርድ መገኘት አለበት።

ብዙ ሰዓት የሚባክነው ግን ጌሙን ለሰው ሳያሳዩ በመቆየት ነው። ውጭ ያለው የጌሙን የሙከራ ቅጂ ለማያውቃቸው ሰዎች ይለቃል፤ እነሱም ሳያፍሩ ይተቹታል። አገር ቤት ሞካሪው ጓደኛ ወይም የአክስት ልጅ ነው፤ ይሉኝታ ይዞት «አሪፍ ነው» ይላል። ስለዚህ አስተያየት ከመጠየቅ ስልኩን ሰጥቶ፣ ምንም ሳያስረዱ፣ አውራ ጣቱ የት ላይ እንደሚያመነታ ማየት ይሻላል።