ከፋራጉት አደባባይ እስከ ላንፋንት ፕላዛ፦ የዋሽንግተን ፉድ ትራኮች ቅኝት

መነሻችን ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ፣ 17ኛው ጎዳና ላይ ያለው ፋራጉት አደባባይ ነው። መናፈሻው ትንሽ ቢሆንም በሰሜንም በደቡብም በኩል የሜትሮ ጣቢያ አለው። ዙሪያውን የከበቡት ቢሮዎች በምሳ ሰዓት ሠራተኛቸውን ወደ ጎዳናው ያፈስሳሉ። ፉድ ትራኮቹ መስኮታቸውን ወደ እግረኛ መንገዱ ከፍተው የሚሰለፉት ይህን ሰው ጠብቀው ነው።

እዚህ መቆም የሚቻለው በዕጣ ነው። የከተማው ምክር ቤት በሰኔ 2013 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ደንብ ለፉድ ትራኮች የተከለሉ ቦታዎችን ፈጠረ። ከዚያ በፊት የነበረው አሮጌ ደንብ ለአይስክሬም መኪና የተበጀ ነበር፤ ደንበኛ ሲጠራ መቆም፣ ሰልፉ ሲያልቅ መንቀሳቀስ ግድ ነበር። አዲሱ ሥርዓት ሲጀመር ማመልከቻው 25 ዶላር፣ ዕጣ የወጣለት ባለመኪና የወር ክፍያው ደግሞ 150 ዶላር ሆነ። ዕጣው ለእያንዳንዱ የሥራ ቀን ቦታ ይሰጣል፤ ሰኞ ፋራጉት የቆመ ማክሰኞ ሌላ ሰፈር ሊደርሰው ይችላል። የሽያጭ ሰዓቱም ከረፋዱ 4፡30 እስከ ቀኑ 8፡30 ነው። በ150 ዶላሩ ክፍያ፣ በወር 20 የሥራ ቀን ቢታሰብ፣ ቦታው በቀን 7 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያስወጣ ነበር።

በአይ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ሲኬድ፣ ማክፈርሰን አደባባይን አልፎ ፍራንክሊን መናፈሻ በእግር 10 ደቂቃ ያህል ነው። በመንገዱ ላይ ያሉት ተራ የፓርኪንግ ቦታዎች ዕጣ ላልደረሰው የተተዉ ናቸው። የፓርኪንጉ ክፍያ ከ2016 ጀምሮ በሰዓት 2 ዶላር ከ30 ሳንቲም ሲሆን፣ ብዙው ቦታ ከሁለት ሰዓት በላይ አያስቆምም። ስለዚህ 4 ዶላር ከ60 ሳንቲም የከፈለ ሰው ገበያው ሲደራ መኪናውን ማንሳት ይኖርበታል። ከተከለለው ቦታ 200 ጫማ፣ ማለትም 61 ሜትር ያህል መራቅም አለበት፤ የ2013ቱ ደንብ ረቂቅ 500 ጫማ ይል ነበር። ለእግረኛም ቢያንስ 6 ጫማ ነጻ መተላለፊያ መተው ግዴታው ነው፤ ይህም በረቂቁ 10 ጫማ ነበር።

ፍራንክሊን መናፈሻ ሁለት ሄክታር ያህል ስፋት አለው። በ2021 ታድሶ ከተከፈተ ወዲህ ምግቡን ገዝቶ ጥላ ሥር ለሚቀመጥ ሰው ከፋራጉት ይልቅ ይመቻል። የመኪኖቹን ውስጥ ላየ፣ ምጣዱና መጥበሻው፣ የፕሮፔን ሲሊንደሩ፣ የእጅ መታጠቢያውና የውሃ ታንኩ በአንድ ክንድ ርቀት ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ዕቃ ተቆጣጣሪ አለው። ምግቡንና ንጽሕናውን የጤና መሥሪያ ቤቱ፣ ጋዙን የእሳት አደጋ መከላከያው፣ የንግድ ፈቃዱን ደግሞ የፈቃድና የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ይይዛል። ግብሩም ከምግብ ቤቶች ጋር እኩል ነው። እስከ 2012 መስከረም ድረስ በዓመት 1,500 ዶላር ቁርጥ ይከፈል ነበር፤ ከጥቅምት 1 ቀን ጀምሮ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 10 በመቶ ሆነ።

ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ሜትሮ ሴንተር ይገኛል። ጣቢያው የአራት መስመሮች መገናኛ ስለሆነ ሰው አይጠፋም፤ ሆኖም አላፊው ባቡር ለመያዝ የሚሮጥ ነው፤ አጠገቡም ፍራንክሊንን የመሰለ መቀመጫ የለም።

የመጨረሻው ማረፊያ ላንፋንት ፕላዛ ከሜትሮ ሴንተር አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይርቃል። በመሀል የሚታለፈው የሙዚየሞቹ ሰፈር ገበያው ከቱሪስት ነው፤ ደንበኛው ነገ ተመልሶ አይመጣም። ላንፋንት ግን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መንደር ስለሆነ ሻጩና ገዢው ይተዋወቃሉ። ችግሩ ገበያው በመንግሥት ሠራተኛው እግር ላይ መንጠልጠሉ ነው። በኮሮና ጊዜ ሠራተኛው ቤቱ ሲቀር ጎዳናውም አብሮ ባዶ ሆነ፤ ፋራጉት ቢያንስ የግል ቢሮዎችም አሉት።

በዚህች ከተማ የምግብ ሥራ ብዙ ወገኖቻችንን ያኖራል፤ ፉድ ትራክ ለመግዛት የሚያስብም አይጠፋም። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት እነዚህን ቦታዎች በምሳ ሰዓት፣ በተለያዩ ቀናት፣ በእግርዎ ይዙሯቸው። ዕጣው ለሁሉም እኩል ነው፤ ቦታዎቹ ግን እኩል አይደሉም። የሚገዙት መኪና ቢሆንም የሚያተርፍልዎት የሚቆምበት ቦታ ነውና፣ ሂሳብዎን ከቦታው ይጀምሩ።