ባንድ የሌለው ሰው መሣሪያ

ኃይሉ መርጊያ በ1985 «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሲቀዳ አብሮት የሚጫወት ሰው አልነበረም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አኮርዲዮኑን ራሱ ተጫወተ፤ ሮድስ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖም ራሱ፤ በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥረውን ሙግ ሲንተሳይዘርም ራሱ። ከበሮውን ማሽን መታለት። አንዱን ቀድቶ በላዩ ላይ ሌላውን እየደረበ፣ ዋሽንግተን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ብቻውን ባንድ ሆነ።

ይህ ሰው ባንድ አጥቶ የኖረ ሰው አይደለም። ደብረ ብርሃን ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ አኮርዲዮንን በልጅነቱ ራሱን ያስተማረ፣ በኋላም ሒልተን ሆቴልን በሙዚቃ የሞላው የዋልያስ ባንድ መሪ ነበር። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ ምሽቱን ሊያሳልፍ የገባ ታዳሚ ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ እስኪነጋ ይጫወት ነበር። በ1981 ዋልያሶች ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሄዱ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከፊሎቹ ቀሩ። ኃይሉ ከቀሩት አንዱ ነው። ያ ካሴት እንግዲህ ከባንድ የተለየ ሰው ሥራ ነው፤ እኔም ስሰማው ጎልቶ የሚታየኝ ይኸው ነው። የአኮርዲዮኑ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይደክማል፣ ያገግማል። ማሽኑ ግን አይደክምም፣ አይቸኩልም፣ ዜማው ሆድ ሲያስብስ አብሮ አያዘግምም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የባንዱ ቦታ ነው። ኃይሉ ክፍተቱን ለመሸፈን አልሞከረም። እዚያው መሀል ተቀምጦ ተጫወተ።

ሲንተሳይዘር የስደተኛ መሣሪያ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ሮበርት ሙግ በ1964 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ የራሱን የመጀመሪያ ሲንተሳይዘር ሲሠራ ያሰበው ለሙዚቃ ደራሲዎች እንጂ ለስደተኛ አልነበረም፤ መሣሪያውም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ግድግዳ የሚያክል ነገር ነበር። ግን በ1970 ሚኒሙግ ወጣ። በብብት ተይዞ ከቦታ ቦታ የሚሄድ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ። ፈረንጆቹ አንድ ድምፅ ብቻ መስጠቱን እንደ ጉድለት ቆጥረውት በኋላ አስተካከሉት። በማሲንቆ ዜማ ላደገ ጆሮ ግን ይህ ጉድለት አይደለም። ማሲንቆም ያለው አንድ አውታር ነው፤ አዝማሪው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚሄደው እየዘለለ ሳይሆን እየተንሸራተተ ነው፤ ሚኒሙግ ደግሞ መንሸራተቻ አለው። ጣትህ ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ሲዘል ድምፁ መሀሉን እያካለለ ይደርሳል።

እኔ የምኖረው ሪያድ፣ ዑለያ ነው። ሰፈሩን የማያውቅ ሰው የመስታወት ፎቆቹን በፎቶ አይቷል፤ ኪንግደም ሴንተር 302 ሜትር ሆኖ በላያችን ቆሟል። ከፎቆቹ ጀርባ ግን ግቢዎች አሉ፤ በግቢዎቹ በር ላይ ደግሞ ለሾፌር የተሠሩ ጠባብ ክፍሎች። በአንዷ ውስጥ የሚኖር ወዳጅ አለኝ፤ በዕድሜ ይበልጠኛልና ጋሼ ነው የምለው። አልጋው ሥር በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አሮጌ ኪቦርድ አለው። ከሚሄድ ሰው ላይ በርካሽ የገዛው፣ ለአረብ ገበያ የተሠራ ኪቦርድ ነው፤ ሁለት ቁልፎቹ ላይ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ተበልቶ ቢጫ ሆኗል። ማታ አሠሪዎቹን አድርሶ ሲመለስ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ያደርገዋል፤ ኤርፎኑን ይሰካል። ከውጭ ሆኖ የሚሰማ ሰው የፕላስቲኩን ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው የሚሰማው።

አንድ ቀን ከኤርፎኑ አንዱን ጆሮ ሰጠኝ። «ስማ እስቲ፣ ይቺን ቦታ» አለኝ። አንቺሆዬ ይጫወት ነበር። ሌላ ጊዜ ይህን ቅኝት በኪቦርድ ስሰማ አንድ ቦታ ላይ ይደርቅብኛል፤ የፒያኖ አቃኘት ኦክታቩን 12 እኩል ቦታ ስለሚከፍለው የማሲንቆ ጣት የሚቆምበት ሥፍራ ሁልጊዜ አይገኝበትም። የጋሼ ግን አልደረቀም። ምን እንዳደረገ ስጠይቀው ከቁልፎቹ በላይ የተደረደሩትን ትንንሽ አዝራሮች አሳየኝ። አረቦቹ ራስትና በያት የሚሏቸውን መቃሞች (የነሱን ቅኝቶች) ለመጫወት ሩብ ድምፅ ስለሚያስፈልጋቸው፣ እነዚህ ኪቦርዶች እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻ ዝቅ የሚያደርጉበት መንገድ አላቸው። አዝራሩን ዝም ብሎ መጫን አልበቃውም፤ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ የማሲንቆ ቅጂ እያዳመጠ ድምፁን በጥቂት በጥቂቱ ሲያወርድ ሲያወጣ ሰንብቷል። «አረቡ ለራሱ ሠራው፤ ለኔም ተረፈኝ» አለኝ። ፋብሪካው ስለ አንቺሆዬ ሰምቶ አያውቅም። ቢሆንም አንድ ሕዝብ ለራሱ ጆሮ ያስከፈተው በር ለሌላውም መግቢያ ሆነ። ይህን ያገኘ ሰው ሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ሾፌር ነው።

ኤርፎኑ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከሙዚቃ መሣሪያዎች ውስጥ ጎረቤት ሳይሰማ ሙሉ ድምፁን ለባለቤቱ የሚሰጠው ይኸው የኤሌክትሪኩ ነው። ክራርን ቀስ አድርጎ መምታት ይቻላል፤ ሳክስፎንን ግን ማን ዝም ያሰኘዋል? የሰው ግቢ ውስጥ ለሚያድር ይህ የመጫወትና ያለመጫወት ልዩነት ነው። በሪያድ ደግሞ ለብዙ ዓመታት አደባባይ ወጥቶ ሙዚቃ ማቅረብ አልተለመደም ነበር። በ2017 ሳውዲያዊው ዘፋኝ መሐመድ አብዶ ንጉሥ ፋህድ የባህል ማዕከል ውስጥ ሲዘፍን ከተማው ስንት ዘመን ቆይቶ ያገኘው ነገር ነበር። በታኅሣሥ 2019 «ሳውንድስቶርም» የሚሉት ፌስቲቫል ተጀመረ፤ እነሆ ዛሬ የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ በረሃው መሀል እስኪነጋ ይደበደባል። ደስ ይለኛል። ግን የሾፌሮች ክፍሎች ውስጥ ከዚያ በፊትም ይጫወቱ እንደነበር አውቃለሁ።

ኪቦርድ የባንዱን ዘመን ገደለ የሚሉ አሉ፤ ቅሬታቸውን በከፊል እጋራለሁ። የነሐስ መሣሪያዎቹ ጉልበት፣ ያ የ1960ዎቹና የ70ዎቹ የአዲስ አበባ ድምፅ፣ ካሴቶቹ ላይ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ የሦስት ሰው ትንፋሽ በአንድ ቁልፍ ተተካ። ያማህ በ1983 ዲኤክስ 7ን ሲያወጣ የዓለም ዘፈን ሁሉ አንድ ዓይነት የደወል ድምፅ ያዘ፤ እኛም አልቀረንም። ግን ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ብቻ መጫን ልክ አይመስለኝም። ሰዓት እላፊው የምሽት ቤቶቹን ኑሮ አጠበበ፤ ሙዚቀኞች ተሰደዱ፤ ለካሴት የሚወጣው ገንዘብ አሥር ሰው አያበላም ነበር። በዚያ ሁሉ መሀል ኪቦርዱ የተረፈውን ሰው አጫወተ። እንደ ሮሃ ባንዱ ዳዊት ይፍሩ ያለ ሰው እጅ ላይ ደግሞ የነሐሱን ቦታ ከመሙላት አልፎ የራሱን ቀለም አመጣ። በኋላ የመጡት አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታና ነፍሱን ይማረውና በ2019 ያጣነው ኤልያስ መልካ አንድ ሙሉ ትውልድ የሚዘፍንበትን ቅንብር ሠሩ።

ደግሞም ይህ ጥበብ ከፈረንጅ ብቻ የመጣ አይደለም። ግብፃዊው ሐሊም ኤልዳብህ በ1944 ካይሮ ውስጥ በሽቦ ላይ በሚቀዳ ማሽን የሴቶች የዛር ሥርዓት ቀዳ፤ ወደ ስቱዲዮ ወስዶም ድምፁን በማሚቶና በኤሌክትሪክ አፍርሶ እንደገና ሠራው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በ1948 በዚሁ መንገድ ስሙን ከማስጠራቱ አራት ዓመት በፊት ማለት ነው። ዛር! ጎንደርም ወሎም የሚያውቀው ዛር። ይኸው ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን አንድ መድረክ ላይ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያንም መሠረተ። ከኤሌክትሪክ ድምፅ ቀማሪዎች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ እኛ ዘንድ ሲመጣ ማሽን ይዞልን አልመጣም፤ የራሳችንን አውታር ጎን ለጎን አስቀመጠልን። የበገናን እንዚራ ያዳመጠ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። አውታሩ ሥር የምትገባው ያቺ ቁራጭ ቆዳ ንጹሑን ድምፅ ወደ ወፍራም ንዝረት ትለውጠዋለች። ሲንተሳይዘር የሚሠሩ ሰዎች በኤሌክትሪክ የሚደክሙበት ነገር ይኸው ነው።

ጋሼም ራሱ መሥራት ጀምሯል። ዑለያ ጎዳና ላይ ካለው የኮምፒውተር ገበያ የቆሻሻ ዋጋ እየከፈለ የተበላሹ ሰሌዳዎች ያመጣል፤ የሚጠቅመውን ነቅሎ ሌላውን ይጥላል። የመጀመሪያ ሥራው የቴምር ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለው፤ አንዲት 40106 የምትባል ቺፕ፣ አንድ ካፓሲተር፣ ብርሃን ሲያገኘው የኤሌክትሪክ መንገዱን የሚከፍት አንድ ሬዚስተር። ካፓሲተሩ ይሞላል፣ ይፈሳል፣ እንደገና ይሞላል፤ ይህ በሰከንድ መቶ ጊዜ ሲሆን ድምፅ ይሆናል። እጁን ሲያጠላበት መሙላቱ ይዘገያል፣ ድምፁ ይወርዳል። መዳፉን ቀስ እያደረገ ሲያነሳ እንደ ማሲንቆው እየተንሸራተተ ይወጣል። በእጁ ጥላ ትዝታን ሊያወጣ ሲሞክር አይቻለሁ፤ አምስቱን ድምፆች አገኛቸው፣ ግን መዳፉ ቦታው ላይ አልጸና ብሎ ይወዛወዛል። መወዛወዙን ወደድኩለት።

ኃይሉ መርጊያ ከዚያ ካሴት በኋላ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርድ አውጥቶ የኋላ መቀመጫ ላይ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ገዝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ። ታሪኩ ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው መገኘቱን ነው። እኔ የማስበው ግን ሳይገኝ የተጫወተባቸውን ዓመታት ነው፤ በነዚያ ዓመታት መኪናው ውስጥ የወጣው ዜማ ማንም ባይሰማውም ሙዚቃ ነበር። ሪያድ ውስጥ፣ ቤይሩት ውስጥ፣ ዱባይ ውስጥ እንዲህ የሚጫወቱ ስንት እንዳሉ ሳስብ አንድ ነገር እመኛለሁ፤ የምታውቁት ካለ ስልካችሁን አውጡና ቅዱት። ኤርፎኑን አስነቅሉት፤ ወይም ገመዱን ከኪቦርዱ ወደ ስልኩ ስጡት። የዘፋኙን ስም ብቻ ጽፈው ኪቦርዱን የተጫወተውን የዘለሉ ካሴቶች ቤታችሁ ካሉም፣ የምታስታውሱትን ስም በእስክሪብቶ ሽፋኑ ላይ ጻፉበት። ጋሼን እኔ ቀድቼዋለሁ። አንቺሆዬው 11 ደቂቃ ነው፤ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ አሠሪው ስልክ ሲደውልበት እሱ «ሐዲር፣ ሐዲር» (እሺ፣ እሺ) ይላል፣ ከዚያም ካቆመበት ድምፅ ላይ ይቀጥላል።