ሊራው ሲወድቅ ጳውሎስ ላይ ማን ሰማ?

ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ የዶላርን ዋጋ የማያውቅ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ሆስፒታሉ በር ላይ ሻይ የምትሸጠዋም፣ ወደ አስኮ የሚጠራው ረዳትም፣ በሽተኛ ሊያስታምም ከገጠር የመጣውም "ዛሬ ስንት ገባ?" ይባባላሉ። የባንኩንም የጥቁር ገበያውንም በቃላቸው ነው የሚያውቁት። የሊባኖስ ሊራ ስንት እንደገባ የሚጠይቅ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። የስንቱ ቤት ኪራይና የታናናሾች ትምህርት ቤት ክፍያ ከቤሩት በሚመጣበት ሰፈር ማለቴ ነው። እኛ ዘንድ ውጭ ያለ ሰው አይቸግረውም። ችግር የኛ ነው፤ የነሱ ድርሻ መላክ ነው።

ሊባኖስ ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ዶላርን 1,507 ሊራ ላይ ቸንክራ የያዘች አገር ነበረች። ሱቁም ታክሲውም ሁለቱንም ገንዘብ እኩል ይቀበል ነበር። በ2012 ጥቅምት ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ባንኮች የሰው ዶላር ይዘው በራቸውን ዘጉ፤ የካቲት ማለቂያ ላይ መንግሥት የውጭ ዕዳውን መክፈል አልችልም አለ። በዚያው ክረምት አንድ ዶላር መንገድ ላይ 8,000 ሊራ ገባ። በ2015 መጋቢት 100,000 አለፈ። የዓለም ባንክ ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ከታዩት እጅግ የከፉ ቀውሶች ተርታ ነው ያሰለፈው።

የአክስቴ ልጅ ሊራው 8,000 በገባበት ክረምት ቤሩት የቤት ሠራተኛ ነበረች። ውሏ በወር 150 ዶላር ይላል። ማዳሟ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህን የአክስቴ ልጅ ራሷም ትመሰክራለች። ግን ባልየው መምህር ነው፣ ደመወዙ በሊራ ነው። ስለዚህ ለሷም በሊራ፣ ያውም በድሮው ምንዛሬ ይከፍሏት ጀመር፤ 225,000 ሊራ። ወረቀት ላይ አሁንም 150 ዶላር ነው። ሊራውን ይዛ ዶላር ልግዛ ስትል 28 ዶላር ሆኖ አገኘችው። ከዚያ ቤት ቀድማ ወጣች እንጂ፣ ሊራው መቶ ሺህ እስኪገባ ብትቆይ ኖሮ ያው ገንዘብ ሁለት ዶላር ከሩብ ይሆን ነበር።

በኢሞ የላከችውን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። መብራት የለም፣ ከበስተኋላ ጄኔሬተር ይጮኻል። "እማዬ፣ በዚህ ወር የምልከው የለኝም። ደመወዝ ተቀብያለሁ፣ ግን ገንዘብ አይደለም።" አክስቴ "ታዲያ ባንክ ሄደሽ አትቀይሪም እንዴ?" ብላ መለሰችላት። ምን ታድርግ፣ እሷ የምታውቀው ባንክ ዶላር አምጡልኝ ብሎ የሚለምነውን የኛን ባንክ ነው።

ከዚያ የሰፈሩ ወሬ መጣ። ገንዘቡ ሲቋረጥ አክስቴ የዕቁብ ሰብሳቢውን መንገድ እየቀየረች መሸሽ ጀመረች፤ የኮንዶሚኒየም ቁጠባውም ቆመ። "ሰው ይዛለች፣ ለወንድ እያበላች ነው" አለች አንዷ ዕድር ላይ። ሌላዋ "ቤሩት የገባች ልጅ ቤተሰብ አታውቅም" አለች። አንድ አገር ከስሮ ይሆናል ያለ ግን አልነበረም። የልጅቱ ፀባይ ተበላሸ ማለት ይቀለን ነበር። ይኼ እስካሁን ያናድደኛል።

ቀውስ ሲመጣ ሰው ሥራ ይቀይራል፣ ካልሆነ አገሩ ይገባል እንላለን። ለሷ ሁለቱም ዝግ ነበሩ። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ ከወጣበት ከ1939 ጀምሮ የቤት ሠራተኛን በአንቀጽ 7 ለይቶ አስወጥቷታል። የምትኖረው ካፋላ በሚሉት የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት ነው፤ ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ነው፣ ፓስፖርቷ አብዛኛውን ጊዜ ማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ደመወዝ አልተከፈለኝም ብላ ከቤቱ ከወጣች ሕገ ወጧ እሷ ናት። በ2012 ጳጉሜን ውሏን በራሷ ማቋረጥ የምትችልበት አዲስ መደበኛ ውል ወጥቶ ነበር። የሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲዎቹ ማኅበር አቤት አለና ጥቅምት ላይ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው።

ከውሉ ቀደም ብሎ፣ በዚያው 2012 ግንቦት ማለቂያና ሰኔ ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ አይታችሁታል። አሠሪዎች ሴቶቹን በመኪና እያመጡ ሃዝሚዬ ያለው ቆንስላችን ደጃፍ ላይ ከነሻንጣቸው እያራገፉ ሄዱ። የወራት ደመወዝ ያልተከፈላትም፣ ፓስፖርት በእጇ የሌላትም ነበረች። ኤርፖርቱ በኮሮና ተዘግቶ ነበር። ሐምሌ 28 ደግሞ ወደቡ ፈነዳ። ያን ጊዜ የቤት ኪራይና አስቤዛ እያሰባሰቡ ከደረሱላቸው መካከል በ2009 ግድም በራሳቸው በቤት ሠራተኞቹ የተቋቋመው "እኛ ለእኛ በስደት" ይገኝበታል። የዕቁብ ልጆች ናቸውና አደረጃጀቱን ያውቁበታል።

በዚያው ከተማ ሌላም የውጭ ሰው ነበር። የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛው ደመወዙ በ"ፍሬሽ ዶላር" ነው፤ ባንክ ያልቆለፈው፣ ከውጭ ትኩሱን የገባ ዶላር ማለት ነው። ሊራው በወደቀ ቁጥር የሱ ምሳና የቤት ኪራይ እየረከሰ ሄደ። ስለዚህ "ስደተኛ በቀውስ ጊዜ ይጎዳል" የሚለውን አልቀበልም። የሚለየው ደመወዙ በምን ገንዘብ እንደሆነና ፓስፖርቱ በማን እጅ እንዳለ ነው። ከቤት ወጥተው ፍሪላንስ የሚሠሩት የኛ ልጆች ይህን ቶሎ ገባቸው። ቡርጅ ሐሙድና ዳውራ ቤት ተጋርተው እየኖሩ፣ "በፍሬሽ ካልሆነ አልሠራም" ማለት ጀመሩ። የአክስቴም ልጅ ከነሱ አንዷ ሆነች። ያለ ኢቃማ መሆኑ ያስፈራታል፤ ግን ያጸዳችበትን በዕለቱ ትቀበላለች።

እኛም አልቀረልንም። በ2016 ታኅሣሥ የኛም መንግሥት የቦንድ ወለዱን ሳይከፍል ቀረ፤ ሐምሌ 22 ብሩ ለገበያ ተለቀቀ። ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። 8,550 ብር ገደማ የነበረው 150 ዶላር 15,000 ሆነ። ስለዚህ ጳውሎስ ላይ ቤሩት እንደገና አማረች። በ2017 መስከረም እስራኤል ሊባኖስን በቦምብ ስትደበድብ አሠሪዎች ቤት ቆልፈው ሲሸሹ ሠራተኞቻቸውን ጥለው መሄዳቸውን ሰምተናል፤ ያም ሂሳቡን አልቀየረውም። ከወደቀ ኢኮኖሚ ሸሽቶ የባሰ ወደወደቀው መሄድ እብደት ይመስላል። ግን ብር የምታገኝ ልጅ ዶላር ስታይ ልትላት የምትችለው ነገር ጥቂት ነው።

ሰሞኑን የጎረቤት ልጅ ቤሩት ለመሄድ ፕሮሰስ ጀምራለች። ፓስፖርቷ ወጥቷል፣ ሜዲካል አልፋለች። ደላላው በቴሌግራም የላከላትን ውል አሳየችኝ፤ "200 ዶላር" ይላል፣ በምን እንደሚከፈል አይልም። "በጥሬ ዶላር ነው ወይስ በሊራ? በሊራ ከሆነስ በየትኛው ምንዛሬ? ብለሽ ጠይቂው" አልኳት። እዚያው ደወለች። "አንቺ ልትሠሪ ነው የምትሄጂው ወይስ ባንክ ልትከፍቺ?" ብሎ ዘጋባት። ነገ መልሳ ልትደውልለት ነው።