ልጃችን ጋዜጠኝነት ልማር ስትለን

ልጅ ሐኪም ልሁን ሲል ቤቱ በሙሉ "አሜን" ይላል። መሐንዲስ ልሁን ሲልም ይመረቃል። ጋዜጠኛ ልሁን ሲል ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ጥያቄዎች ብዙ ወላጆች ታውቋቸዋላችሁ፤ "ደመወዙስ? ቢያስሩሽስ? ደግሞስ ለአማኝ ልጅ ይሆናል ወይ?"

እነዚህ ጥያቄዎች ወደ እኛም ቤት ገብተዋል። የመጀመሪያ ልጃችን የ11ኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ናት፤ በሚቀጥለው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ መማር የምትፈልገው ጋዜጠኝነት ነው፤ ያውም የዜና ሥራ። ከዘመድ የመጣልን ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ "አካውንቲንግ ትማርና ሥራ ትያዝ" ይላል። ሌላው "ከሚዲያ ካልቀረች የመዝሙርና የስብከት ፕሮግራም ታዘጋጅ" ይላል። ሁለቱም ከፍቅር የመጡ ናቸው። እኛ ግን ከመወሰናችን በፊት ሦስት ነገር በጸሎትም በጥያቄም ለማየት ተስማማን፤ ሥራው ምንድን ነው? ትምህርቱ ምን ይጠይቃል? ዋጋውስ ስንት ነው? በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ ወላጆችና ወጣቶች ስለምትኖሩ፣ ያገኘነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

ሁለቱ ሯጮች

በ2ኛ ሳሙኤል 18 ላይ ሁለት መልእክተኞች አሉ። ጦርነቱ አብቅቷል፤ አቤሴሎም ሞቷል፤ ንጉሥ ዳዊት በከተማይቱ በር ተቀምጦ ወሬ ይጠብቃል። ኢዮአብ አንድ ኩሻዊ ያየውን ሄዶ እንዲናገር ላከው። የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አኪማአስ ግን "እኔም ልሩጥ" እያለ ለመነ። ኢዮአብ ሊያስቀረው ቢሞክርም አልሆነም። በሜዳው በኩል ሮጦ ኩሻዊውን ቀደመና ድሉን አበሠረ። ንጉሡ ግን ልቡ ያለው ልጁ ላይ ነበርና ስለ አቤሴሎም ጠየቀው። አኪማአስ ትርምስ ከማየቱ በቀር የሚናገረው አልነበረውም፤ ወደ ጎን እንዲቆም ታዘዘ። ኋላ የደረሰው ኩሻዊ ግን መራራውን እውነት በጥንቃቄ ተናገረ።

ይህን ክፍል በቤት ጸሎታችን ስናነብ ልጃችን "አባዬ፣ አኪማአስ እኮ ሰበር ዜና ነው!" አለች። ሳቅን፤ ነገሩ ግን አልለቀቀንም። ዛሬ ሁሉም ሯጭ ሆኗል። በአፍጋኒስታን ሚስዮናውያን ነገ ሊገደሉ ነውና ጸልዩ፣ ለሌሎችም አስተላልፉ የሚለውን መልእክት አስቡ። ይህ መልእክት በዓለም ዙሪያ ከአማኝ ወደ አማኝ ለዓመታት ዞሯል፤ ሲጣራ ግን እውነት ሆኖ አልተገኘም። ያስተላለፉት ክፉዎች አይደሉም። እግር ነበራቸው፤ ወሬው ግን አልነበራቸውም።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ከዐሥሩ ትእዛዛት አንዱ በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን ይከለክላል። የሙሴ ሕግ በአንድ ሰው ቃል ብቻ እንዳይፈረድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንዲገኝ ያዝዛል። ምሳሌ 18 ቀድሞ የተናገረ ሰው ባላጋራው መጥቶ እስኪጠይቀው ድረስ ትክክለኛ እንደሚመስል ያስተምረናል። ሉቃስም ወንጌሉን ሲጀምር ነገሩን ከመነሻው በጥንቃቄ መከታተሉንና የዓይን ምስክሮች እንዳሉ ይነግረናል። የዜና ጋዜጠኝነት መምህራንም በክፍል ውስጥ የሚያስተምሩት ከዚህ አይርቅም፤ ምንጭህ ማን ነው? ሌላው ወገን ተጠይቋል ወይ? በዓይንህ ያየኸው የትኛው ነው፣ የሰማኸውስ?

ዜና "ዓለማዊ" ነው ለሚሉን ደግሞ የራሳችንን ታሪክ እናስታውሳለን። በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የተቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ሲጀምር ስብከትና መዝሙር ብቻ አላሰማም። ዜናም፣ የጤናና የትምህርት ዝግጅቶችም ነበሩት። ደርግ ጣቢያውን በ1969 ዓ.ም. እስኪወርሰው ድረስ ዜና መናገር የአገልግሎቱ አንድ ክፍል ነበር።

የትምህርቱ መንገድ

ጸሎት ዕቅድን አይተካም፤ ስለዚህ መንገዱን አንድ በአንድ ጠየቅን። የመጀመሪያው በር የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው፤ በሩም ጠባብ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት እዚያ ብቻ ሳይሆን በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ፣ በጅማና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች አለ፤ ልጅን ከቤት አርቆ ለመላክ ልብን ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ትምህርቱ አራት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የጋራ የሆኑ ኮርሶች የሚወሰዱበት ሲሆን፣ ወደ ትምህርት ክፍል መግባት በምርጫም በውጤትም ነው። መጨረሻ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ይጠብቃታል።

በቤተ ክርስቲያናችን ጡረታ የወጡ የሬዲዮ ሰው አሉ፤ ሁላችንም "ጋሼ" እንላቸዋለን። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አስቀምጠው መከሯት፤ "ልጄ፣ ማይክሮፎን መያዝ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። አንቺ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስና ስታትስቲክስ አጥብቀሽ ተማሪ። በጀት ማንበብ የማይችል ጋዜጠኛ የተሰጠውን መግለጫ ነው የሚያነብልሽ። ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ ሌላ አንድ የአገርሽን ቋንቋም ጨምሪ።" በዚህ ምክር መሠረት አፋን ኦሮሞ ጀምራለች።

ጋሼ የቤት ሥራም ሰጧት። በየሳምንቱ አንድ ዜና ትመርጥና በአዲስ ዘመን፣ በሪፖርተርና በሬዲዮ እንዴት እንደቀረበ ታነጻጽራለች። ማን ተናገረ? ማን አልተጠየቀም? ቁጥሩ ከየት መጣ? ከዚያ ስለ ሰፈራችን ውኃ የራሷን ዜና እንድትጽፍ አዘዟት። ጎረቤቶች ሁሉ "ሦስት ሳምንት ሙሉ ውኃ አላየንም" አሏት፤ እንዲሁ ጻፈችው። ጋሼ "ማን ቆጠረ?" ብለው መለሱላት። ዞራ ስትጠይቅ ውኃ የጠፋበትን ቀን በግድግዳ ካላንደር ላይ ምልክት የምታደርግ አንዲት እናት አገኘች፤ 11 ቀን ነበር። ልጃችን 11 ብላ አስተካከለች። አንድ ጎረቤታችን ዜናውን አይተው "ምነው ልጄ፣ የእኛን ወገን አልያዝሽም!" ሲሉ ቅር አላቸው። ያን ቀን ማታ "እማዬ፣ 11 ቀንም እኮ ብዙ ነው። ለምን አልበቃቸውም?" ብላ ጠየቀችን። የሙያውን ፈተና ገና ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ አየችው። ከባዱ ነገር ጠላት ላይ እውነት መናገር አይደለም፤ የምንወደው ሰው የሚፈልገው ቁጥር እውነት ሳይሆን ሲቀር አለመጨመር ነው።

ዋጋውን መቁጠር

ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር አስተምሯል። እኛም ሦስታችን ተቀምጠን ቆጠርን።

ደመወዙ ብዙ አይደለም። ከዚህ ጋር የሚመጣ ፈተናም አለ፤ በስብሰባና በመግለጫ ቦታ "የትራንስፖርት" ተብሎ ለጋዜጠኛ የሚሰጥ ፖስታ። ለተራበ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን የሰጠውን ሰው ነገ እንዴት ትጠይቂዋለሽ? ይህን በባዶ ኪስ ቀን ሳይሆን ዛሬ መወሰን እንዳለባት ተነጋገርን።

እስርም አለ። መምህርትና አምደኛ የነበረችው ርዕዮት ዓለሙ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አራት ዓመት ያህል ታስራለች፤ የዩኔስኮ የዓለም ፕሬስ ነፃነት ሽልማት የተሰጣትም እስር ቤት ሳለች ነው። ይህን ከልጃችን አልደበቅንም። እርሷም ፍርሃታችንን አላቃለለችም፤ "እኔም እፈራለሁ፤ ግን እውነቱን የሚጠይቅ ሰው ከጠፋ ሁላችንም በሩ ላይ እንደተቀመጠው ዳዊት አይደለንም ወይ?" አለችን። መልስ አልነበረንም። ዳዊት ሲጠብቅ የነበረው ፈጣን ሯጭ አልነበረም፤ ስለ ልጁ እውነቱን የሚነግረው ሰው ነበር። አገራችንም ስለ ልጆቿ እውነቱን የሚነግራት ትፈልጋለች።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምርጫዋ ጋዜጠኝነት፣ ሁለተኛው ታሪክ እንዲሆን ተስማማን። በወር ለመጻሕፍትና ለጋዜጣ የምትሆን ጥቂት ገንዘብ መድበናል። ያለ ፍርሃት ነው አንልም፤ ፍርሃታችንን ይዘን ፈቅደናል።

እናንተስ? በቤታችሁ ለማጣራት የሚጠይቅ፣ "ማን አየ? ማን ቆጠረ?" እያለ የሚያስቸግር ልጅ ካለ፣ ዝም ከማሰኘታችሁ በፊት አብራችሁት ጸልዩ። ምናልባት እግዚአብሔር ምስክር እያዘጋጀ ይሆናል።

ጌታ ሆይ፣ ልጆቻችን ወሬውን ሳይዙ ከመሮጥ ጠብቃቸው። እውነትን በያዙ ጊዜ ደግሞ የሚናገሩበትን ድፍረትና ርኅራኄ ስጣቸው። ለእኛም መራራ ቢሆን የሚሰማ ጆሮ ስጠን። አሜን።